ቦርከና የተጻፈበት መጽሐፍ

ባለፈው ሰሞን እህቴን ልጠይቅ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ወርጄ፣ ገና ከሚኒባሱ እግሬን ሳሳርፍ አንዲት ሴት ዘንቢሌን ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው። ሌባ መስላኝ ልጮህ አፌን ስከፍት «እትዬ ዘሀራ፣ እኔ ነኝ! ሰዓዳ! አራተኛ ‹ለ›!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰዓዳን እንዴት ልርሳት? ያን ጊዜ ከጠረጴዛዋ በላይ ዓይኗ ብቻ ይታይ የነበረች ልጅ አሁን እኔን ቁልቁል የምታየኝ፣ ረጅም ጥቁር ጅልባብ የለበሰች ወይዘሮ ሆናለች። «አካም ጅርቱ እትዬ? ደህና ነዎት? ልጆቹስ? አልሀምዱሊላህ፣ ኧረ አላረጁም!» እያለች በሁለት ቋንቋ አቀላቅላ ጠየቀችኝ፤ ማርጀቴን ግን ዘንቢሉን ስትቀማኝ አረጋግጣለች። ሦስት ልጆች እንዳሏት፣ እዚያው በተማረችበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እንደሆነች ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት «መጽሐፎቹ እኮ አሉ፤ አረንጓዴዎቹ። አንድም አልጠፋም፣ ማሻአላህ። ነገ ይምጡና ይዩዋቸው» አለችኝ። ሰው የድሮውን በናፍቆት ያስታውሳል ይባላል። እኔ በንዴት ነው የማስታውሰው። ሞቶልኛል ያልኩት የዚያን ዘመን ንዴት እዚያው መናኸሪያ በር ላይ ትኩሱን ተነሣብኝ።

ያኔ ከሚሴ ማለት አስፋልቱ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጡት አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙት እኛ ዘንድ ነው፤ ሲቆሙ ከተማው ይነቃል፣ ሲሄዱ መልሶ ያንቀላፋል። ፓፓያና ማንጎ በሳፋ የያዙ ሴቶች ከመስኮት መስኮት ይሯሯጣሉ፤ ሸንኮራ አገዳ ተደግፎ የቆመበት ግድግዳ ሁሉ ንብ ይወረዋል። ወንዶቹ ሽርጣቸውን አገልድመው የዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የተጓዡን አለባበስ ይተቻሉ። ማዕዘኑ ላይ አንዲት የካሴት ሱቅ ነበረች። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት መንዙማ ይከፍታል፤ አውቶቡሶቹ ሲደርሱ ወደ ፍቅር ዘፈን ይለውጣል፤ አዛን ሲሰማ ቀጥ ያደርገዋል። ዛሬ ያ ማዕዘን የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆኗል፤ ዘፈኑም ከየኪሱ ስለሚወጣ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። ሻይ በስሙኒ ነበር። ደብተር ውድ ነበር፤ ልጆቹ የአምናውን ደብተር ባዶ ገጾች ገንጥለው በመርፌና ክር ሰፍተው የዘንድሮ ያደርጉታል። የሁሉም ጫማ ኮንጎ ነው፤ ሲቀደድ በጋለ ቢላዋ አቅልጠው ስለሚያጣብቁት ክፍሉ ሁልጊዜ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸት ነበር። ክፍል ሲገቡ አውልቀው ከወንበር ሥር ያስቀምጡታል። እኔ ታዲያ በጥጋኙ የማን ጫማ እንደሆነ እለይ ነበር።

ትምህርቱ በኦሮምኛ ሲሆን እኔ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ መምህርት ነበርኩ። መማሪያ መጽሐፉ አንዱ ለአራት ልጅ ነው የሚደርሰው፤ አንዱ ገጹን ሲያዞር አንዱ ገና እላይ ነው፣ አንዱ ደግሞ ከተቃራኒው ወገን ተቀምጦ ፊደሉን ዘቅዝቆ ማንበብ ለምዷል። ለፈተና ሳይሆን ለመሳቅ ብቻ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ብቻ የሚነበብ ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። በመማሪያው ውስጥ ያለው ወንዝ ሁሉ የሌላ አገር ወንዝ ነው። የጨፋን ሸለቆ፣ ክረምት ሜዳውን የሚያለብሰውን የቦርከናን ውሃ፣ በበጋ ከቆላ ከብት እየነዱ የሚመጡትን አፋሮች የጻፈ አልነበረም። ልጆቹም መጽሐፍ ማለት የሰው አገር ወሬ ነው ብለው አምነው ነበር።

አንድ ቀን በሬዲዮ አንድ ማስታወቂያ ሰማሁ፤ ለልጆች የሚሆኑ አጫጭር ታሪኮች ከየአገሩ ጸሐፊ ተሰብስበው በአንድ መጽሐፍ ይታተማሉ፣ የቻለ ይላክ ይላል። ጸሐፊ አልነበርኩም። ግን ተቀምጬ ጻፍኩ፤ በእጄ ገልብጬ በፖስታ ላክሁት፤ ከዚያ ረሳሁት። ዓመት አልፎት አንድ እሁድ የአውቶቡስ ረዳት ከጣሪያ ላይ ሁለት ካርቶን አውርዶ «ዘሀራ የምትባል መምህርት!» ብሎ አስፋልቱ ላይ ሲጮህ እህቴ ሰምታ ጠራችኝ። ካርቶኑን ስከፍት የወጣውን የቀለምና የሙጫ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ያውቀዋል። አርባ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ለትምህርት ቤታችን ስጦታ። የጋምቤላ ሰው ዓሣ ስለምታጠምድ ልጅ ጽፏል። የሐረር ሰው በር ስለሚያንኳኳ ጅብ፣ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ታክሲ ውስጥ ስለጠፋ ልጅ፣ የኮንሶ ሽማግሌ እርከን ስለሚሠራ አያት፣ አንድ የአፋር ወጣት ስለ ግመሉ ኩርፊያ። አንዱ አንጀት እስኪቆስል ያስቃል፣ አንዱ ሳያልቅ ያልቃል፣ አንዱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ምክር ብቻ ነው፤ እሱን ልጅ ቢዘለው አልቀየምም። ከመካከላቸው የእኔ ነበረች፤ ጨፋ ላይ የጠፋች ላም ታሪክ። በሁለተኛው መስመር ላይ «ቦርከና» ይላል።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ይማም ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጅ ሲያመው ተሸክመው ጤና ጣቢያ የሚወስዱ ሰው ናቸው። ነገር ግን ንብረት የሚባል ቃል ሲሰሙ ደማቸው ይቀዘቅዛል። ኮምፓስ ሲገዛ ኮምፓሱን ቆለፉት፤ ኳስ ሲመጣ ኳሱን ቆልፈው ልጆቹ በጨርቅ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ኳሱ እዚያው ሳጥን ውስጥ ሟሸሸ። ካርቶኖቹን ሳሳያቸው በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ተቀበሉኝና ቢሯቸው ውስጥ ባለ መስታወቱ ቁምሳጥን ደርድረው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። አንዱ ቅጂ ለጸሐፊዋ ተብሎ ስሜ ተጽፎበት ነበር። «እሱስ የግሌ ነው» ብላቸው «መምህርት ዘሀራ፣ አብሮ ከመጣ አብሮ ይመዘገባል» አሉኝ። የገዛ ታሪኬን ከመስታወት ጀርባ አየሁት።

ለልጆቹ ነግሬያቸው ነበር፤ ወንዛችን መጽሐፍ ላይ ወጥቷል ብዬ። አላመኑኝም። በዕረፍት ሰዓት በቢሮው መስኮት አፍንጫቸውን ደፍጥጠው አረንጓዴውን ሽፋን ያዩታል፤ አቶ ይማም ሲወጡ እንደ ወፍ ይበተናሉ። ሰዓዳ ዕለት ዕለት እየመጣች «እትዬ፣ ወላሂ ቦርከና ይላል?» ትለኛለች። «ይላል።» «ውስጡን ሳላይ አላምንም።» ልክ ነበረች፤ እኔም ብሆን አላምንም። ይተርኩልን ሲሉኝም እምቢ አልኩ። አፍ ላይ ያለ ተረትማ ድሮም ሞልቷቸዋል፤ የጎደላቸው በገዛ ዓይናቸው አንብበው መጨረሱ ነው። ብነግራቸው ቁምሳጥኑ እንደተቆለፈ ሊቀር ነው፤ አቶ ይማምም «ታሪኩን ሰምተውታል» ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ቢሯቸው ተመላለስኩ። ዛሬ ስብሰባ፣ ነገ ፈተና፣ ከነገ ወዲያ ቁልፉን ቤት ረስተውታል።

ሲሰለቸኝ ነገሩን ለወላጆች ኮሚቴ አቀረብኩት። እዚያ ደግሞ ሼህ ሙሄ አሉ። ጺማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ሰው የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የሁለት ተማሪዎቼ አያት። ሰምተውኝ ሰምተውኝ «አንቺዬ ዘሀራ፣ ተረት በጠራራ ፀሐይ?» አሉ። እኛ አገር ተረት የሚወራው ከብት ከገባ በኋላ ነው። ቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል ይባላል፤ እናቶቻችን ይህን እየነገሩ ነው ያሳደጉን። አቶ ይማም ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። እኔ ለዚያ ሁሉ ወር ያላገኘሁትን ድጋፍ እሳቸው ባንድ አፍታ አገኙ። «ይኸው፣ ኅብረተሰቡ አልፈለገም!» አሉ። «ይህ ትምህርት ነው ሼህ ሙሄ፣ ንባብ ነው» ብዬ ተከራከርኩ። «ሀየ፣ እሺ፤ የአንቺው ታሪክ ለመሆኑ ስለምንድን ነው?» አሉኝ። «ስለ ጠፋች ላም» ከማለቴ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ይኸው! ገና ሳይነበብ ጠፋች!» ብለው ሼህ ሙሄ ራሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ነው። ሼህ ሙሄ አዩኝና ሳቃቸውን ገቱ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ። የተከለከለው እኮ ብርሃኑ ነው። መስኮቱን ዝጊ፣ ፋኖስ አብሪ፤ ከጨለመ ማታ ነው።» አንዱ ገበሬ «ከብቱስ ይህን ያውቃል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። «አንተም ሞኝ ነህ፤ ጨለማ ሲያይ ይተኛል!» አሉት። በዚህ ተወሰነ። አቶ ይማም በኮሚቴ ውሳኔ ላይ ምን ይበሉ? ቁልፉን ካንገታቸው ሲያወርዱ ፊታቸው ጥርስ የሚነቀልለት ሰው ፊት ነበር።

በማግስቱ ከዕረፍት በኋላ የቆርቆሮ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋን። በሚስማር ቀዳዳዎች የሚገባውን ጨረር ልጆቹ በሻርፕና በወረቀት ወተፉት። ሁለት ፋኖስ ከየቤቱ መጣ። ያ የከሚሴ ፀሐይ ጣሪያውን እየጠበሰው ከሰባ ልጅ ጋር ተዘግቶ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አቶ ይማም የልጆቹን እጅ አስታጥበው፣ መጽሐፉን ለሁለት ለሁለት አድለው፣ በሩ ላይ ቆሙ። ጀመርን። የጋምቤላዋ ልጅ ዓሣዋን ስትስብ ሰባውም ልጅ አብሮ ሳበ። ግመሉ ሲያኮርፍ ሳቁ ቆርቆሮውን አንኳኳው። ከዚያ የእኔን ሰዓዳ እንድታነብ አደረግሁ። አንደኛውን መስመር አንብባ ሁለተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«እትዬ፣ ቦርከና ይላል!»

«ይላል።»

«የኛ ቦርከና?»

«ሌላ ቦርከና አለ እንዴ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ጣት ሁሉ ያችን ቃል ለመንካት ወረደ። «ኩኖ! ኩኖ! ይኸው!» ይባባላሉ። እናቱ ገበያ መሃል በስሙ የጠራችው ልጅ የሚሆነውን ነው የሆኑት። እኔም ፋኖሱን ከፍ አድርጌ ይዤ ዕድሜ ልኬን አስተማሪ የሆንኩት ለዚህች ሰዓት ነው አልኩ በልቤ። ሰዓዳ ቀጠለች። ከጨፋ የጠፋችው ላም ከአፋሮች መንጋ ተቀላቅላ ሰንበቴ ገበያ ላይ ተገኘች፤ እሷን ተንከባክባ ያቆየቻት የአፋር ልጅ ደግሞ በራሷ ቋንቋ ስም አውጥታላታለች። ሁለቱ ሴት ልጆች፣ የጨፋዋ ባለላምና የአፋሯ፣ በወዲህና በወዲያ ቆመው፣ አንዷ «ቡሬ!» እያለች፣ አንዷ በሌላው ስሟ እየጠሩ፣ ላሟ መሃል ላይ ጆሮዋን አቁማ ወደ ማን ትሂድ? እዚያ ላይ እንደደረሰች በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

«በቃ! በቃ! ላብ!» ብለው አቶ ይማም ገቡ። «ላብ መጽሐፉ ላይ እየተንጠባጠበ ነው!» ብርሃኑ ዓይናችንን አጭበረበረው። ሁለት ገጽ ብቻ ነው የቀረን ብዬ ለመንኩ። እሳቸው ግን ከልጆቹ እጅ እየለቀሙ፣ እያንዳንዱን በክራቫታቸው እየጠረጉ ደርድረው ሄዱ። ሰዓዳ የያዘችውን አልለቅም ብላ ሲስቧት ከወንበሯ ተነሥታ አብራ ተሳበች፤ በመጨረሻ ለቀቀች። በማግስቱ ቢሮ አስጠሩኝና የላብ ምልክትና የፋኖስ ጥላሸት ያለባቸውን ገጾች እያገላበጡ አሳዩኝ። «የተነበበ መጽሐፍ ይቆሽሻል አቶ ይማም» አልኳቸው። «የሚቆሽሽ ከሆነስ ለምን ይነበባል?» አሉኝ። ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ።

ላቡ የመጣው መስኮቱ ስለተዘጋ ነው፤ እንክፈተው አልኩ። ያ እንዳይሆን ደግሞ ኮሚቴው አለ። በክፉ አጋጣሚ በዚያው ሳምንት የአንዱ ኮሚቴ አባል ጊደር ጠፋች። ኋላ ጎረቤት አዝመራ ውስጥ ስትበላ ተገኘች፤ ግን እስክትገኝ ድረስ ያልተባልኩት የለም። ሼህ ሙሄ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «እኔ አምኜ አይደለም ልጄ፤ ሰዉ ግን ፈራ» አሉኝ። እንግዲህ መስኮቱ ቢከፈት ከብት ይጠፋል፤ ቢዘጋ መጽሐፍ ይቆሽሻል። በዚህ መሃል አርባ መጽሐፍና ሰባ ልጅ ቀለጡ። እንግዳ ከላይ ሲመጣ መጽሐፎቹ ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ ልጆቹ እጃቸውን ሽፋኑ ላይ አድርገው ፎቶ ይነሣሉ፤ እንዳትገልጡ ተብለዋል፤ እንግዳው ሲወጣ ይሰበሰባሉ። ሰዓዳ በየጠዋቱ «ላሟስ?» ትለኛለች። «ታነቢዋለሽ» እላታለሁ። አምስተኛ ክፍል ገባች፤ ስድስተኛ ገባች፤ መጠየቋን ተወች። እኔም ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ፤ እዚያው ጡረታ ወጣሁ።

እንግዲህ ሰዓዳ መናኸሪያው ላይ በነገረችኝ መሠረት በማግስቱ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ፎቅ ሆኗል። ቤተ መጻሕፍት የሚል ሰሌዳ ያለበት ክፍል አለ፤ ግድግዳው ቀለም የተቀባ፣ ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው። ሰዓዳ ከብብቷ ቁልፍ አውጥታ ያንኑ ባለ መስታወት ቁምሳጥን ከፈተችልኝ። አረንጓዴዎቹ ተደርድረዋል፤ ቀለማቸው እንኳ አልነጣም። አንዱን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «ይዩት እትዬ፣ አዲስ እኮ ነው!» «መጨረሻውን አነበብሽው ታዲያ?» አልኳት።

«የቱን?»

«የላሟን።»

ሳቅ እያለች «ወላሂ እትዬ፣ አላነበብኩትም» አለች።

«ቁልፉ አንቺ ዘንድ አይደለም እንዴ?»

«እሱማ አዎ። ግን ቆጥሬ ነው የተረከብኩት። አንዱ ገጽ ቢታጠፍ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ለልጆቹስ?»

«ኧረ በአላህ! የአሁኑን ልጅ እጅ አያውቁትም እትዬ።»

ኮሪደሩ ላይ ዕረፍት የወጡ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ማንም ወደ መስኮቱ ቀርቦ አያይም፤ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚፈለግ ነገር እንዳለ እንኳ የነገራቸው የለም። ተናደድኩ። «ነይ እንዲያው፣ ዛሬ አንድ ክፍል ጠርተሽ ስጫቸው፤ እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አልኳት። አይሆንም ብላ አንገቷን ነቀነቀች። «እሺ ለእኔ የተላከውን ስጪኝ፤ ስሜ ተጽፎበታል» አልኳት። «እትዬ አያስቸግሩኝ፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፈርታለች። ያንን መጽሐፍ አልለቅም ብላ የተጎተተች ልጅ ናት፤ ያኔ አቶ ይማምን ያልፈራች። ማንም ካልተቀመጠባቸው ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። መጽሐፉን መለስኩላትና ያን ሁሉ ዘመን እምቢ ያልኩትን አደረግሁ፤ በአፌ ነገርኳት። ላሟ ወደ ማንም አልሄደችም፣ እዚያው ቆማ ለሁለቱም ጮኸች፤ አባቶቻቸው ተያይተው ሳቁ፤ ላሟ ወደ ጨፋ ትመለስ፣ የምትወልዳት የመጀመሪያ ጥጃ ግን የአፋሯ ልጅ ትሁን ተባባሉ፤ በበጋው ያች ልጅ ጥጃዋን ልትወስድ ቦርከና ዳር መጣች፤ ሁለቱ ልጆችም ለጥጃዋ ባንድ ላይ ስም አወጡላት። ሰዓዳ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ አራተኛ ክፍል ልጅ ሰማችኝ። ስጨርስ እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። «አልሀምዱሊላህ፣ ይኸው ሰማሁት። ማታ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ» አለች። ከዚያ በዚያው ሻርፕ የመጽሐፉን ሽፋን ወለወለች፤ ቦታው መለሰችውና ቆለፈችው።